ዳንቴል የለበሰ 25 ሺህ ቮልት

ያ የድሮው ቴሌቪዥን፣ ፊቱ ወደ ሳሎን ዞሮ ጀርባው ግድግዳ የሚገፋው፣ ሆዱ ውስጥ ወደ 25 ሺህ ቮልት ይዞ ነበር ያን ሁሉ ዘመን አብሮን የኖረው። አናቱ ላይ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን ጋዋን የለበሰ ተመራቂ ፎቶ። ከፊቱ ረከቦት ተዘርግቶ ቡና ይፈላል፤ ዳዴ የሚል ሕፃን ተንጠራርቶ መስታወቱን በምራቁ ያጥባል። ክንዳችንን ስናስጠጋ ፀጉራችን ቀጥ ብሎ ሲቆም እንስቅ ነበር። አዋቂዎቹም ቢበዛ "ዓይናችሁ ይጠፋል፣ ራቅ በሉ" ከማለት አያልፉም። ስለ ቮልቱ የነገረን የለም። ቢነግሩንስ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠን ነገር ማን ይፈራል?

የእኅቴ ልጅ እንጅባራ ላይ "10 ሺህ ቮልት ቤት አስገባለሁ" ያለ ዕለት ግን ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። እኔም ተጠራሁ። የተጠራሁት ኤሌክትሪክ ያውቃል ተብዬ ነው፤ ማስረጃው የእኅቴን የምጣድ ሶኬት መቀየሬ ነበር።

"ምን ልታደርግበት ነው?" አልኩት።

"ቴስላ ኮይል ልሠራ።"

"ምን ይሠራል?"

"ብልጭታ ይሠራል ጋሼ። ወይን ጠጅ ብልጭታ። ክንድ የሚያህል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ያው ነው፤ ብልጭ ይላል።"

እኅቴ በዚህ መሐል ገባችና ይህ ቴስላ የሚሉት ሰው ማን እንደሆነ፣ ሃይማኖቱም ምን እንደሆነ ጠየቀች። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1856 ዛሬ ክሮኤሽያ ውስጥ ባለችው ስሚልያን መንደር የተወለደ የኦርቶዶክስ ቄስ ልጅ መሆኑን ስነግራት ፊቷ ፈታ አለ። "የቄስ ልጅ ነዋ!" አለች፤ ግማሽ ፈቃድ ማለት ነው። አባቱ ቅስናውን እንዲወርስ ይፈልጉ እንደነበር፣ ልጁ ግን በኮሌራ ታሞ ሞት አፋፍ ላይ ሳለ "ከዳንክ ምሕንድስና ትማራለህ" የሚል ቃል እንዳስገባቸው አልነገርኳትም። ለልጁም አልነገርኩትም፤ መታመምን እንደ ዘዴ እንዳይዘው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ጥቂት ዙር ያለው ወፍራም የመዳብ ጥቅል አለ። በመካከሉ ደግሞ ቱቦ ላይ ወደ 1,000 ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ይቆማል። ካፓሲተር ኃይሉን ያጠራቅማል፤ ሲሞላ በሁለት ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ዘሎ ወፍራሙ ጥቅል ላይ ይለቀዋል። ኃይሉ በሰከንድ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጊዜ ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል። ቀጭኑ ጥቅል ለዚያው ምልልስ የተቃኘ ከሆነ፣ ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ልክ በጊዜው ሲገፋ ልጁ ከፍ ከፍ እንደሚል፣ ቮልቱ በመቶ ሺዎች እስኪደርስ ይወጣና ከጫፉ ላይ አየሩን ቀድዶ ይወረወራል። ቴስላ ይህን የሠራው በ1891 ኒው ዮርክ ነው። ሽቦውን ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይጠመጥመዋል። ጭንቁ ያለው ቀለቡ ላይ ነው። ካፓሲተሩ በአሥር ሺህ ቮልት ካልሆነ አልበላም የሚል ፍጡር ነው፤ ሶኬታችን ደግሞ በደህናው ቀን 220 ነው።

ስለዚህ ልጁ ቀለብ ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ የሄደው ብየዳ ቤት ነው፤ በከተማው ከዚያ የሚበልጥ እሳት የለምና። በያጁ ሳቀበት። የብየዳ ማሽን 220ውን ተቀብሎ ከ80 ቮልት በታች ያወርደዋል፤ የሚያበዛው አምፔሩን ነው። ያ ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ከቤት አምፖላችን ያነሰ ቮልት ነው ያለው። እኔም ይህን ያን ዕለት ነው የሰማሁት፤ ብረት ሲበየድ በሩቁ ፊቴን አዙሬ ስሮጥ የኖርኩት ሰውዬ።

ቀጥሎ ባጃጅ። የቤንዚን ባጃጅ ቦቢና ከ12 ቮልት ባትሪ ተነሥቶ ካንዴላው ጫፍ ላይ ከአሥር ሺህ በላይ ያደርሳል። ዳንግላና እንጅባራ ውስጥ ሰው "ወራጅ አለ" እያለ ሲወርድ ሲሳፈር የሚውለው ከዚህ ቮልት ጎን ነው። ችግሩ ባጃጅ የሚሰጠው በጠብታ መሆኑ ነው፤ አንድ ካንዴላ ለማቀጣጠል የምትበቃ ብልጭታ ናት። ለትንሽዬ ኮይል ትሆናለች፤ ልጁ ግን ክንድ ነው ያለው። ያነጋገረው ሹፌር ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ቦቢናውን ለማዋስ አልፈቀደም። አልፈርድበትም።

ሦስተኛው ጉዞ ዳንግላ ሆነ፤ አንድ ሽማግሌ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ። የሱቁ ግድግዳ እስከ ጣራው ድረስ የሞቱ ቴሌቪዥኖች ተደራርበውበታል። ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ስስ ስክሪን ሲገዛ አሮጌውን ለጥገና ብሎ አምጥቶ እዚያው ረስቶት የሄደ ይመስላል። የእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ ፍላይባክ አለ፤ ያን 25 ሺህ ቮልት የሚያመርተው ጥቁር ጉጥ። በእኛ አገር ሥርዓት ምስሉ 625 መስመር ነው፤ በሰከንድ 25 ጊዜ ይሳላል፤ ስለዚህ ፍላይባኩ በሰከንድ 15,625 ጊዜ ይርገበገባል። ልጅ ሳለን ቴሌቪዥን መከፈቱን ከውጭ ሆነን የምናውቀው በዚያች ቀጭን ፉጨት ነበር። ጠጋኙ አንዱን ሰክተው ሲያስነሡት ልጁ "ያፏጫል" አለ። እሳቸው አልሰሙም፤ እኔም አልሰማሁም። ተያየን። ሁለታችንም ስለ ዕድሜ ምንም አልተነጋገርንም።

ፍላይባክ ግን አምፔሩ እፍኝ አይሞላም፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ አምፔር ነው። የልጁን ካፓሲተር ለመሙላት ያዘግማል። ያኔ ነው ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመርስ አይኖርዎትም?" ያላቸው። ጠጋኙ ካቻቪቴውን አስቀመጡ።

"ስማኝ ልጄ" አሉት፤ "እኔ በዚህ እጄ የስንቱን ቴሌቪዥን ኮረንቲ ቀምሻለሁ። ወርውሮኛል፣ አስለቅሶኛል፣ ይኸው አለሁ። ከማይክሮዌቭ የቀመሰ ግን መጥቶ አይነግርህም።"

እውነታቸውን ነው። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ቮልቱ ወደ 2 ሺህ ገደማ ነው፤ ዳንቴል ለብሶ ከኖረው አንድ አሥረኛ አይሞላም። አምፔሩ ግን ግማሽና ከዚያም በላይ ነው፤ ልብ ለማቆም ደግሞ ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛው እንኳ አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ እናቃጥላለን ያሉ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የአገሩ የእንጨት ቀራጮች ማኅበርም ሥራውን ከዝግጅቶቹ ከልክሏል። ይህ ትራንስፎርመር አይንጣጣም፣ አያፏጭም። ጥግ ይዞ እም ይላል እንጂ። እኅቴ የሚንጣጣውን ስትፈራ የምታመሽ ሴት ናት፤ ይህን ብታየው የማድ ቤት ዕቃ መስሏት ጨርቅ ታለብሰው ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው የኒዮን ትራንስፎርመር ነው። ባሕር ዳር አንድ ቤት የኒዮን ማስታወቂያውን አውርዶ በኤልኢዲ ሲተካ፣ ትራንስፎርመሩ ብረት ተብሎ ለቆራሌው ሊሸጥ ሲል ተረፈ። 10 ሺህ ቮልት፣ 50 ሚሊ አምፔር። ፈረንሳዊው ጆርጅ ክሎድ በ1910 ፓሪስ ላይ የኒዮን መብራትን ካሳየ ወዲህ የዓለም ቡና ቤት ሁሉ በዚህ ዓይነት ትራንስፎርመር ደምቋል። ጋዙ እስኪበራ ድረስ ሺህ ቮልቶች ይጠይቃል፤ አንዴ ከበራ በኋላ ግን ልክ ስለማያውቅ፣ ትራንስፎርመሩ አምፔሩን የሚገታ ብረት ውስጡ ተሰርቶለታል። ሁለት ጫፎቹን ብታገናኛቸው እንኳ አይቃጠልም። የቴስላ ኮይል ወዳጆች የሚወዱት ለዚህ ነው። ለሰው ግን አያዝንም፤ 50 ሚሊ አምፔር በደረት በኩል ካለፈ በቂ ነው። ስለዚህ ልጁን አስምለነዋል፦ ሶኬቱ ሳይነቀል፣ ካፓሲተሩም በረጅም የደረቀ እንጨት ጫፍ ባለ ሽቦ ሳይራገፍ እጁን አያስጠጋም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቱ "ለምን ትቸገራላችሁ፣ አዲስ ገዝቼ ልላክ" ብላ ነበር። የእሷ አገር ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የላከችው ጁስ መፍጫ እኛ 220 ላይ ሲሰካ አንድ ጊዜ ጮኾ ያረፈበትን ቀን ስለምናስታውስ በአክብሮት እምቢ አልን። ደግሞስ ለ23 ኪሎ ሻንጣ ያን የመሰለ ዝፍት የተሞላ ብረት? ቦሌ ላይ "ይህ ምንድን ነው?" ሲሏት "10 ሺህ ቮልት ነው፤ ለእኅቴ ልጅ ነው" ልትል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዓለም በኤሌክትሪክ ተጥለቀለቀች እየተባለ ከፍተኛ ቮልት ግን ከሰው ቤት እየወጣ ነው። ቴሌቪዥኑ ሳሳ፤ ፍላይባክ የለውም። ማስታወቂያው ኤልኢዲ ሆነ፤ ኒዮን የለም። መኪናው ራሱ ባትሪ ሆነ፤ ካንዴላ የለውም፤ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትማ እኛም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክለናል። አዲሱ የኒዮን ትራንስፎርመር ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ ስለሆነ ገና ብልጭ ሲልበት ደንግጦ ራሱን ያጠፋል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በርሊን ያለ የእኛ ልጅ ቢጤ የሚያድነው አሮጌ ዕቃ ተጠርጎ አልቋል። ዳንግላ ግን እነሆ ግድግዳ ሙሉ! ወደ ኋላ መቅረት አንዳንዴ እንዲህ ያበለጽጋል። ሥልጣኔ ቶሎ ከደረሰን ደግሞ ድህነታችን ያኔ ነው፤ ቢያንስ በፍላይባክ በኩል።

በአየርም ቢሆን እኛ ሀብታሞች ነን። ቴስላ በ1899 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሄደው ከፍታና ስስ አየር ፍለጋ ጭምር ነበር። ያ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,840 ሜትር ነው። እንጅባራ 2,500ን ታልፋለች! ዳንግላ እንኳ ከእሱ ትበልጣለች። አየር ሲሳሳ ብልጭታ ይቀልለዋል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሚዘልል ቮልት እንጅባራ ላይ ወደ 4 ይጠጋል። መብረቅ ቢሉ መብረቅ፣ እርጥብ መሬት ቢሉ እርጥብ መሬት አለን፤ ኮይሉ ጥሩ አፈር ውስጥ የሚገባ የምድር ዘንግ ይፈልጋልና በእኛ ክረምት ዘንግ መቅበር ችግር አይደለም። ሰውዬው እንጅባራን ቢያውቅ ኖሮ ኮሎራዶን ዞሮም አያይ።

ሽቦው የሚጠመጠምበትን ቱቦ ልጁ ከቀርከሃ ሊሠራ አስቦ ነበር፤ እንጅባራ ላይ ቀርከሃ አጥቶ የፕላስቲክ ቱቦ መግዛት ነውር ይመስላል። ግን ቀርከሃ እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበት ደግሞ ቮልቱን በጎን ያሾልካል። ኤዲሰን በ1880 ገደማ የአምፖሉን ክር የሠራው ከከሰለ የጃፓን ቀርከሃ ነው፤ ቀርከሃ ከጥንትም የቴስላ ተቀናቃኝ ወገን ነው ብለን ተውነው። ነጭ የፍሳሽ ቱቦ ተገዛ።

ካፓሲተሩስ? እሱ ተገዝቶ አይቻልም። ድሃ ወዳጆች በዓለም ሁሉ የሚያደርጉት ጠርሙስ ውስጥ የጨው ውኃ ሞልቶ ከውጭ በአሉሚኒየም ወረቀት መጠቅለል ነው። ቴስላ ራሱ ኮሎራዶ ላይ የማዕድን ውኃ ጠርሙሶች በጨው ውኃ እየሞላ ይጠቀም ነበር። ልጁ ለ10 ሺህ ቮልትና ለ50 ሚሊ አምፔር፣ በእኛ 50 ኸርዝ አስልቶ 16 ናኖፋራድ ገደማ አወጣ። አንድ የቢራ ጠርሙስ ከአንድ ናኖፋራድ ያንሳል። ደመረ፣ አካፈለ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

"24 ጠርሙስ አካባቢ ነው ጋሼ።"

ፊዚክስ በሕይወቴ እንዲህ ገብቶኝ አያውቅም። አንድ ሳጥን! ጠርሙሶቹን ባዶ የማድረጉን ኃላፊነት ወንድሞቹና እኔ ተረከብን፤ እኅቴም ለሳይንስ ነው ስላልናት ዝም አለች።

የሙከራው ቀን ሲደርስ ኮይሉ ተሰካ፤ ምንም የለም። ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል፣ ክፍተቱን ግን የሚዘልል የለም። ልጁ ሜትሩን አወጣና ሶኬቱን ለካው፤ 180። ትራንስፎርመሩ 220 ሲሰጡት ነው 10 ሺህ የሚመልሰው፤ 180 ሲሰጡት 8 ሺህ ይሆናል፤ ክፍተቱ ደግሞ የተለካው ለ10 ሺህ ነበር። ሁላችንም ወደ ማድ ቤት ዞርን። እኅቴ እንጀራ እየጋገረች ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል፤ ይህ ሁሉ ዘመድ ያስጠራው የልጁ መሣሪያ 500 ነው። ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ሰዓት ምጣድ ላይ ነው። ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወስደው መንገድ ከዚሁ ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ነው የሚጀምረው፤ ከግድቡ በ500 ሺህ ቮልት ሽቦ ኃይል ይወጣል፤ እኛ ቤት 220ው ስድስት እንጀራ አይችልም።

"እማ፣ ለትንሽ ጊዜ ብታጠፊው?"

"ሊጡ ይጠብቅህ?"

ድርድሩ ረዘመ። እንዲህ ያለ ድርድር ተደርጎ አያውቅም። በመጨረሻ አንድ ምጣድ ተጋግሮ ሌላው ሳይሰፋ ባለው ክፍተት ተስማሙ፤ እኔ ምጣዱ ሶኬት ዘንድ ዘብ ቆምኩ። በዚህ ዘመን በእኛ አካባቢ ያልታሰበ የሚንጣጣ ድምፅ ማንም ስለማይወድ፣ ጎረቤት ሁሉ አስቀድሞ በእግር ተነግሮታል።

ምጣዱ ጠፋ። ልጁ ሰካው። ጠርሙሶቹ ዘንድ ያለው ክፍተት ነጭ ሆኖ ተንጣጣ፤ ከቱቦው አናት ወይን ጠጅ ቅርንጫፍ ወጥቶ አየሩን እየቧጠጠ ሲፈልግ ቆየ፤ ክንድ አይሞላም፣ ስንዝር ግን ያልፋል። ቤቱ መብረቅ ከወደቀ በኋላ የሚሸተውን ሸተተ። ልጁ ያልተሰካ ረጅም ፍሎረሰንት አምፖል በሩቁ ሲይዝ እጁ ላይ በራ፤ ቴስላ በ1891 ኮሎምቢያ ኮሌጅ ታዳሚ ፊት ካሳያቸው ጉዶች አንዱ እንዲህ ያለው ነበር። ከአጥር ወዲያ የእታለም ሬዲዮ "ጭርርር" አለ። ይህም ደንቡ ነው፤ ታይታኒክ በ1912 የድረሱልኝ ጥሪዋን ያሰማችው በዚሁ በብልጭታ ዓይነት ሬዲዮ ነው። እታለም ግን ዜናዋ ስለተቋረጠ የታይታኒክን ነገር ለመስማት ፈቃደኛ አልነበረችም።

ከዚያ መብራት ሄደ።

በራሱ ምክንያት ነው የሄደው፤ ከእኛ በፊት ያለው ምሰሶ ላይ የሆነ ነገር ሆኖ ነው። ግን ማን ይሰማል? ገና ሳይመሽ ልጁ የከተማውን መብራት ያጠፋ ጎረምሳ ሆኖ ገበያ ደረሰ። ቴስላም በኮሎራዶ የከተማውን ጄኔሬተር አቃጥሎ ከተማውን አጨልሟል፣ ድርጅቱም ራስህ ካልጠገንከው አንሰጥህም ብሎታል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራበታል። ልጁ ይህን ሲሰማ ከማዘን ይልቅ ደረቱ ተነፋ።

ነገሩን ለማጣራት ብለው የመጡት ጎረቤታችን አዛውንት ናቸው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ ሲወጣ ያላየ አገር አየሁ አይበል። እሳቸው ስለ አደጋውም ስለ መብራቱም አልጠየቁም። ጠርሙሶቹን ዞረው አዩ፣ ቱቦውን አዩ፣ ተቀመጡ።

"ምን ይሠራል?" አሉ።

"ብልጭ ይላል፣ አባባ" አለ ልጁ፤ አሁንም ሌላ መልስ የለውም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በዚህ መልስ ሰው ሲረካ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸው ፈረሳቸውን ዓመቱን ሙሉ ገብስ የሚቀልቡት ለእርሻ ወይም ለጭነት አይደለም።

"ጉልበቱስ?"

"500 ዋት ነው።"

"በፈረስ ንገረኝ።"

ልጁ አሰላ። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። "ከአንድ ፈረስ ሁለት ሦስተኛው ነው" አለ።

"አንድ ፈረስ እንኳ አይሞላም?" አሉ አዛውንቱ ከልባቸው አዝነው። "ታዲያ በዚህ አደባባይ ይወጣል?"

"ሌላ ትራንስፎርመር ጎን ለጎን ቢገጠም ከአንድ ፈረስ ይበልጣል። ግን ያኔ ጠርሙሱም እጥፍ ይሆናል።"

አባባ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ትራንስፎርመሩን ባያውቁበትም የሁለተኛውን ሳጥን ነገር ለእሳቸው እንድንተወው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ፈረሰኞች ይዘው መጥተው ጠርሙሱን በአግባቡ ባዶ እንደሚያደርጉት ነገሩን።